እሜቴ አትሸጥም

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ዋሽቼ እንደሆነ ቀሪ ዕድሜዬን የየካ አባዶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ልጨርስ፤ ያውም በዝናብ፣ ያውም የመጨረሻው ሰው ሆኜ። እኔና ትምህርት ቤት በሒሳብ ተጣልተን በጊዜ ነው የተለያየነው፤ ከራሴ ፈጥሬ የምጽፍበት እውቀት ከየት ይመጣል? የሆነውን ነው የምነግራችሁ። የተጠራጠረ ካለ መኪናዋ ዛሬም ብሎኩ ሥር ቆማለችና ሄዶ ኮፈኗን ይዳብስ።

መኪናዋ እሜቴ ትባላለች። ነጭ ዲኤክስ ናት። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ ቁጥር አልቆበት እንደገና ከዜሮ ጀምሯል። ሁለቴ ነው የሚሉም አሉ፤ እኔ ማጋነን ስለማልወድ አንዴ ነው እላለሁ። የሄደችው መንገድ ቢቀጣጠል ጨረቃ ላይ ደርሳ፣ እዚያ ጎማ አስነፍታ፣ ወደ ምድር ስትመለስ አያት አደባባይ ላይ ትራፊክ ያቆማት ነበር።

ባለቤቷ ፀደንያ ረታ ናት፤ ቦሌ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከእናት ከአባቷ ጋር የምትኖር። ፀደንያ በየማለዳው ሞተሩ ሳይሞቅ ዘይቱንና ውሃውን ታያለች። ዘይት የምትቀይረው ሲጠቁር ሳይሆን ጊዜው ሲደርስ ነው። የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ሳይበጠስ፣ የፍሬኑን ሸራ ብረት ሳይነካ ትለውጣለች። የቦሎ ምርመራ ሲመጣ ሌላው ሰው መካኒክ ፍለጋ ሲራወጥ፣ እሷ እሜቴን አጥባ፣ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ፣ ሰርግ እንደምትሄድ ሁሉ ትሄዳለች። ጎረቤት «ይቺ ልጅ መኪና ነው ወይስ አራስ የምትጠብቀው?» ይላል።

አባቷ አቶ ረታ ጡረታ እስኪወጡ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። መንዳት ሲያስተምሯት የሰጧት ሕግ አንድ ብቻ ነበር።

«ትንሽ ድምፅ ስትሰሚ ሬዲዮ አትክፈቺ። አቁሚና ውረጂ።»

ይህ ሕግ ለመኪና ብቻ ይመስላት ነበር። ከዚያ ቃልአብ መጣ።

የተዋወቁት ጉርድ ሾላ ነው። የቃልአብ መኪና ሞተሯ ግሎ፣ ጭሷን እያትጎለጎለች መንገድ ዳር ቆማለች፤ እሱ ደግሞ የራዲያተሩን ክዳን በመሐረብ ይዞ ሊከፍት ነው። ፀደንያ እሜቴን አቁማ እየሮጠች ደረሰች።

«ተው! ሳይበርድ አትክፈተው! ፊትህን አትወደውም?»

ቃልአብ ቀና ብሎ አያት። የሷን ፊት ነበር የወደደው። እሷ ሁልጊዜ ይዛ የምትዞረውን ቢጫ ጀሪካን አውጥታ፣ ሞተሩ እስኪበርድ አጠገቡ ቆመች። ሞተሩ በረደ፤ የሁለቱ ልብ ግን ያን ቀን የጋለው እስካሁን አልበረደም።

ችግሩ ቃልአብ የአቶ ዑቕባዝጊ ልጅ መሆኑ ነው። አቶ ዑቕባዝጊ ሲኤምሲ ቪላ ያላቸው፣ የሕንጻ ዕቃ የሚያስመጡ ትልቅ ነጋዴ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትበርህ ካረፉ ወዲህ አሮጌ ነገር ዓይናቸው ማየት አይወድም፤ ሶፋ ሲያረጅ ይጥላሉ፣ መኪና ሲያረጅ ይለውጣሉ። ልጃቸው የኮንዶሚኒየም ልጅ መውደዱን ሲሰሙ ምንም አላሉም። በአሮጌ ዲኤክስ እንደምትሄድ ሲሰሙ ግን ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

አንድ ቅዳሜ ፀደንያና ቃልአብ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ እሜቴ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«አባዬ ሽማግሌ ለመላክ ተስማማ» አላት።

ፀደንያ መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ ደስታዋ እንዳያመልጣት ይመስል።

«ግን...» አለ።

ያቺን «ግን» ጆሮዋ ያዘው። ትንሽ ድምፅ ናት።

«ግን ምን?»

«ከሠርጉ በፊት መኪናዋ ትሸጥ ይላል። ሙሽራዬ በዚች ስትሄድ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው። አዲስ ኤሌክትሪክ ሊገዛልሽ ነው ፀዲ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

ቃልአብ ዓይኑን ወደ ስፖኪዮው አዞረ፤ እዚያም ውስጥ ዓይኗን ሲያገኘው ደነገጠ። እጁ የሚይዘው አጥቶ ሄደና ሬዲዮውን ከፈተ።

ከዚህ ሁሉ እጅ ማስቀመጫ ቦታ መርጦ!

ፀደንያ ሬዲዮውን ዘጋች።

«ውረድ» አለችው።

«ፀዲዬ...»

«መኪናዋን ይበሉ፣ ግድ የለም። አንተ ግን ዝም አልክ። ውረድልኝ ቃሌ።»

ወረደ። እሜቴ አንድ ቀን እንኳ ሳትንተፋተፍ የኖረችው፣ ያን ዕለት ከመገናኛ እስከ የካ አባዶ የተንተፋተፈች ለፀደንያ መሰላት። ዓይኗን ስትጠርግ ነው የተንተፋተፈችው እሷ ራሷ መሆኗን ያወቀችው።

ሳምንቱን ሙሉ ደወለ፤ አላነሳችም። አንድ መልእክት ላከ፦ «ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ። እመኚኝ።» ስታነበው አደረች እንጂ አልመለሰችም። ለእናት ለአባቷም ትንፍሽ አላለችም። ቁርጧን ግን አውቃለች። ሽማግሌዎቹ የመኪናዋን ነገር ካነሱ፣ ከጓዳ ወጥታ በገዛ አፏ እምቢ ትላለች። ዛሬ መኪናሽ አርጅታለች ያለ ሰው፣ ነገ የአባትሽ ቤት ጠቧል፣ ከነገ ወዲያ አንቺ ራስሽ አርጅተሻል ማለቱ አይቀርም። ቃልአብን ማጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ እያወቀች ነው የቆረጠችው።

ቅዳሜ ደረሰ። እናቷ ወይዘሮ ዘርፌ ከማለዳ ጀምሮ ቤቱን ገልብጠው ሲያጸዱ ቆይተው፣

«በይ አንቺ ሂጂልኝ» አሏት። «ሽማግሌ ሲመጣ ሴት ልጅ በር ላይ አትጎለትም። ለስላሳ ይዘሽ ነይ። ቶሎ እንዳትመጪ!»

ፀደንያ አያት ሰፈር ሄዳ ለስላሳውን ከኋላ ኮፈኑ አጭቃ፣ ጀሪካኑን ለብቻው ኋላ ወንበር ላይ አድርጋ ስትመለስ፣ ለሚ ኩራ ውስጥ መንገድ የሚቆፈርበት ቦታ ላይ አራት ሰዎች አቧራ ለብሰው ቆመው አየች። ሙሉ ልብስ ከነጠላ። መሃላቸው የቆመው መኪና ከአዲስነቱ የተነሳ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተነሳለትም።

እንዲህ ያለ ሲያጋጥማት ማለፍ አታውቅበትም። ቆመች።

«ምን ገጠማችሁ አባቶቼ?»

«ቻርጁ አለቀ» አሉ ረጅሙ ሰውዬ፣ አቶ ፍስሃ።

«ወንበሩ ጀርባ ያሻል» አሉ ወፍራሙ፣ አቶ ገብረእዝጊ፣ ፊታቸው ላይ እርካታ ሳይጠፋ። «ከሲኤምሲ ጀምሮ ሲያሸኝ ነው የመጣው። ተባረክ አቦ!»

«አንተ ነህ የጨረስከው!» አሉ ባለመኪናው። «አንዴ ይበቃል ስልህ፣ "ትንሽ ወገቤን፣ ትንሽ ወገቤን"! ማታ መብራት ጠፍቶ ሳይሞላ እንዳደረ ነግሬህ ነበር።»

ፀደንያ ባለመኪናውን አየቻቸው። ያ ቅንድብ! የቃልአብ ቅንድብ ሸብቶ። የልጁ አባት ከሽማግሌዎቹ ጋር ቤት አይገባም፤ አቶ ዑቕባዝጊ ግን አዲስ መኪናቸውን ለማንም ስለማይሰጡ ሊያደርሷቸውና ውጭ ሊጠብቁ መምጣታቸው ነበር። እሷን አይተዋት አያውቁም፤ ፎቶዋን እንኳ «አያስፈልገኝም» ነው ያሉት።

«ራይድ ነሽ ልጄ?» አሉ አቶ ፍስሃ። «እኛ የካ አባዶ ነን።»

አዎም አላለች፣ አይደለሁምም አላለች።

«ግቡ» አለች።

አቶ ፍስሃ ጋቢና ተቀመጡ። ሦስቱ ከኋላ ታጨቁ፤ ሦስተኛው ሽማግሌ አቶ ተካልኝ ለቁጥር ማሟያ የመጡ ሰው ስለሆኑ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አቶ ዑቕባዝጊ ከጀሪካኑ ጋር ተፋጠጡ።

«ይቺን ጭንዎ ላይ ይያዙልኝ አባባ፤ ከተጋደመች ትፈስሳለች።»

«እኔ?»

«መስኮቱንም እስከ ላይ ዝጉት አባቶቼ። አቧራው አያስተርፍም።»

አራቱም መስኮት ተዘጋ። አቶ ዑቕባዝጊ ባዲሱ ልብሳቸው ላይ ቢጫ ጀሪካን አቅፈው፣ «በየመንገዱ ውሃ የምትጠጣ መኪና!» አሉ በአፍንጫቸው።

«እሷ አትጠጣም አባባ። መንገድ ላይ ለሚቆሙት አዳዲሶች ነው።»

አቶ ገብረእዝጊ ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ።

ትንሽ እንደሄዱ አቶ ፍስሃ ወደ ኋላ ዞሩ።

«እኔ ግን ዑቕባዝጊ፣ አፌ አይለውም። ሰው ቤት ልጅ ልንለምን ሄደን፣ በዚያው መኪና ሽጡ እንበል?»

«ትላለህ። ሰውየው ኩሩ ነው አሉ። ይቆጣል፣ ውጡልኝ ይላል። በቃ። እኔም ሽማግሌ ልኬ እምቢ አሉኝ እላለሁ። ልጄም አይቀየመኝም።»

ለፀደንያ ስፖኪዮው ውስጥ ያ ቅንድብ ይታያታል። ለካስ ሽማግሌው የተላከው እምቢ እንዲባል ነው!

«ልጅህማ ከተቀየመህ ቆየ» አሉ አቶ ገብረእዝጊ። «ባለፈው ቅዳሜ ማታ የመኪናውን ቁልፍ ፊትህ አስቀምጦ፣ "የሷ ከተሸጠች ያንተንም አልነዳም" ብሎህ፣ ይኸው እስከ ዛሬ በታክሲ አይደለም ወይ የሚሄደው? ከነሱሪው ተሰልፎ አይቼዋለሁ።»

«ከሱሪው ውጪ በምን ሊሰለፍ ኖሯል?» አሉ አቶ ፍስሃ። «ለልጅቷስ ነግሯታል?»

«ስልክ አታነሳለትም አሉ።»

ፀደንያ ማርሽ ቀየረች። መቀየር አላስፈለገም ነበር፤ እጇ የሚይዘው ስላጣ ነው። ቃሌ። ያን ዕለት አፉ ቢያዝ፣ ማታውኑ ሄዶ ለአባቱ ተናግሮላታል። እሷ ግን ድምፁን ሰማች እንጂ ወርዳ አላየችም። የአባቷን ሕግ ግማሹን ብቻ ነበር የጠበቀችው።

ወደ የካ አባዶ የሚያስወጣው ዳገት መጣ።

«አሁን ትቆማለች» አሉ አቶ ዑቕባዝጊ።

ፀደንያ ቀድማ ሁለተኛ አስገባች። እሜቴ አጉረመረመች፤ ወጣች። አንድ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ አለፈች፣ አንድ ባጃጅ አለፈች፣ በመጨረሻ አንድ ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን በላይዋ ሲያልፍ እኩል ነበሩ።

«አሁን...» አሉ አሁንም፤ ዳገቱ ግን አልቆ ነበር። ከዚያ «ለምን አትለውጫትም ልጄ?» አሏት። ድምፃቸው ለስልሷል። «አርጅታለች እኮ።»

«አንድም ቀን አላሳፈረችኝም አባባ። ያላሳፈረኝን አላሳፍርም።» ስፖኪዮው ውስጥ ዓይን ለዓይን ገጠሙ። «ሰው ያረጀውን ሁሉ እየጣለ ከሄደ፣ መጨረሻ ላይ ራሱን የት ይጥላል?»

 አቶ ፍስሃ ቀስ ብለው፣

«ትበርህ ትዝ አለችህ አይደል?» አሉ።

አቶ ዑቕባዝጊ ጀሪካኑን ጠበቅ አደረጉት።

«ታክሲ ነጂ ነበር ያን ጊዜ» አሉ አቶ ፍስሃ ለፀደንያ። «በሠርጉ ቀን ራዲያተሩ ያፈስሳል። ሙሽሪት ከነቬሎዋ የውሃ ጀሪካን አቅፋ ነው ቤቱ የገባችው። ቬሎው ርሶ ርሶ! እኛ አፈርን፤ እሷ ግን መንገዱን ሙሉ ትስቅ ነበር።»

«ታክሲዋን ለብረት ቆራጭ ስሸጣት አለቀሰች» አሉ አቶ ዑቕባዝጊ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል። «ሞኝ ናት ብዬ ሳቅሁባት።»

በዚህ መሃል አቧራ ዓይናቸው ገባና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። 

ፀደንያ ብሎካቸው ሥር አቆመች። ሞተሩን ወዲያው አላጠፋችም፤ ዳገት የወጣ ሞተር ትንሽ እንዲተነፍስ ትተወዋለች። አቶ ዑቕባዝጊ ያንን አዩ። ድሮ ራሳቸው ያደርጉት የነበረ ነገር ነው። አቶ ፍስሃ እጃቸውን ኪሳቸው ሲከቱ፣

«ሽማግሌ አይከፍልም» አለቻቸው።

«ሽማግሌ መሆናችንን በምን አወቅሽ?»

«እኛ ቤት ስለመጣችሁ። ፀደንያ ረታ እባላለሁ።»

አቶ ገብረእዝጊን የታሸው ጀርባቸው እንደገና ያዛቸው። አቶ ተካልኝ ነቅተው «ደረስን?» አሉ።

ፀደንያ ወደ ኋላ ዞረች። 

«እርስዎ ያሰቡትን ያስነግሩ አባባ። እኔም ቀድሜ ልንገርዎ። እሜቴ አትሸጥም። ልጅዎንም እወደዋለሁ። አባቴ ቢቆጣም፣ እርስዎ ቢቆጡም ሁለቱም አይለወጡም።»

 ሽማግሌዎቹ እየተጠቃቀሱ ወርደው ደረጃውን ተያያዙት። አቶ ዑቕባዝጊ እዚያው ጀሪካናቸውን አቅፈው ቀሩ።

ፀደንያ ለስላሳውን ልታወርድ ስትል አንድ ባጃጅ አቧራ አስነስቶ መጣ። ሳይቆም ቃልአብ ዘለለ። ጫማው አፈር፣ ሸሚዙ ላብ።

«ፀዲ! አባዬ የመኪናዋን ነገር ሊያስነግር መሆኑን አሁን ነው የሰማሁት። እኔ አላልኩም! እኔ...»

«ሰማሁ። ቁልፉን መልሰህለታል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሽማግሌዎቹ። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።»

ቃልአብ ይህን ሊረዳው ሞከረና ተወው።

«ያን ቀን ለምን ዝም አልከኝ ቃሌ?»

«ፈራሁ» አላት። «አባቴን እንዳይመስልሽ። አንቺን። እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁና ዝም ስል፣ እምቢ አልሽኝ።»

«ሬዲዮ ከፈትክ እኮ!»

«ከዛሬ ጀምሮ ሬዲዮ አልከፍትም። ንቀለው ብትይኝ እነቅለዋለሁ።»

ልትቆጣ ፈልጋ ሳቋ ቀደማት፤ ሳቁም ግማሽ መንገድ ላይ እንባ ሆነ።

«እኔም ጥፋት አለብኝ። ድምፁን ሰማሁ እንጂ ወርጄ አላየሁም። ሁለተኛ ግን ዝም አንባባልም። ትንሿንም ብትሆን ያኔውኑ። ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«አባቴ ዛሬ እምቢ ካሉስ?» አለችው።

«ሌላ ሽማግሌ እልካለሁ። እምቢ ካሉ ሌላ። ሲኤምሲ ውስጥ ሽማግሌ እስኪያልቅ።»

አየችው። ይህ ሰው ዳገት ይወጣል።

«እንግዲያው እዚህ ሆነህ መስታወቷን ወልውል» አለችውና በጓሮ ደረጃ ሮጠች።

ከጓዳው መጋረጃ በስተጀርባ ሆና ስትሰማ፣ ሽማግሌዎቹ ሳሎን መሃል ቆመዋል። አቶ ረታ «ኧረ ተቀመጡ» ይላሉ፤ እነሱም እንደ ወጉ የመጡበትን ሳይናገሩና እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም።

«እንግዲህ አቶ ረታ» አሉ አቶ ፍስሃ፤ «የቃልአብ ዑቕባዝጊ አባት፣ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልከውናል። ነገር ግን...»

ያቺ «ግን» እንደገና። የፀደንያ እጅ መጋረጃውን ያዘ። አንድ እግሯ ወደፊት ወጣ።

በሩ ተንኳኳ።

አቶ ዑቕባዝጊ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ደረጃው ትንፋሻቸውን ወስዶታል። አባት እዚህ መግባቱ ወግ አይደለም። ቢጫ ጀሪካን አቅፎ መግባት ደግሞ በየትኛውም አገር ወግ አይደለም።

«ግን የለም» አሉ። «ፍስሃ፣ ያቺን ነገር ዋጣት። አቶ ረታ፣ አንድ ልመና ብቻ ነው ያለኝ። ሙሽሮቹን ሌላ መኪና አይውሰዳቸው። በልጅዎ መኪና ይሂዱ። ይኸን ነው የምለምነው።»

አቶ ረታ ጀሪካኑን አዩ። ከዚያ ሰውየውን አዩ።

«ውሃ ይዘው ነው የመጡት?»

«ልጅዎ ያዙልኝ ብላኝ ነው። አስቀምጡት አላለችኝም።»

ወጉ «እንመካከር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ማለት ነበር። ወይዘሮ ዘርፌም ይህንኑ በዓይናቸው ሲጠቅሱ ነበር። አቶ ረታ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲነዱ አንድ ነገር ተምረዋል፤ ሸክም ይዞ የቆመን ሰው ማስጠበቅ ነውር ነው።

«ተቀመጡ» አሉ።

ይህች «ተቀመጡ» ከመጀመሪያዋ የተለየች መሆኗን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ አወቀ። ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ ተቀመጡ። «ምነው ይሄ ሰውዬ፣ ትንሽ እንኳ አይግደረደርም?» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ፤ ወዲያው ግን እንባቸው እንዳይታይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ፀደንያ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሴት ልጅ በዚህ ሰዓት አትወጣም፤ እሷ ግን ወጣች። አቶ ዑቕባዝጊ ፊት ጎንበስ አለች።

«ይስጡኝ አባባ።»

ቶሎ አልሰጧትም። ለአንድ አፍታ ሁለቱም ጀሪካኑን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ለቀቁላትና በአገራቸው ቋንቋ፣ ለሴት ልጃቸው እንደሚሉት አድርገው፣

«ጓለይ» አሏት። «አደራ፣ ሳይበርድ እንዳትከፍቺው።»

ውሃውን ይዛ ወደ ጓዳ ስትመለስ በመስኮቱ ቁልቁል አየች። ቃልአብ ነጭ ሸሚዙን አውልቆ፣ በሸሚዙ የእሜቴን መስታወት ይወለውላል። ቀና ብሎ አያት። እሷም ጀሪካኑን ከፍ አድርጋ አሳየችው። እሺ መባሉ ገባው።

እንግዲህ ታሪኩ ይኸው ነው፤ ከአውሮፕላኑ ጀምሮ ሁሉም እውነት ነው። አንዲት ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ሳልናገር ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። አቶ ዑቕባዝጊ ዓይን ውስጥ አቧራ ገባ ብያችኋለሁ። አልገባም። መስኮቶቹ በሙሉ ዝግ ነበሩ።